የቀነስኩት ብረት

ሚያዝያ 4

ሁለት መስኮትና አንድ የግቢ በር ጨረስኩ። የበሩ ባለቤት እንደ ሁሉም ሰው በቡጢ መታው፣ ከዚያ በአንድ ጎን ሊያነሳው ሞከረ፣ አቃተው። ደስ አለው። አምቦ ውስጥ በር የሚገዛው እንዲህ ነው። ካልከበደ ተጭበርብሯል ማለት ነው። እኔም ምርቃት ብዬ አንድ ወፍራም ብረት ከኋላ ጨመርኩለት። «ፈዲሉ ብረት አይሰስትም» ይላሉ። ከስልጤ ባዶ እጄን መጥቼ በሃያ አምስት ዓመት ብየዳ ያተረፍኩት ይህችን አረፍተ ነገር ነው። ትበቃኛለች።

ቤት ስደርስ ሹኩሪያ የግቢያችንን በር በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችልኝ። ግው! አለ። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በተጋባን ሰሞን የሠራሁት ነው። ታንክ አይጥሰውም። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ደረቴ ይነፋል።

ሚያዝያ 9

የእንስሳት ሐኪሟ ጃለኔ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ መጣች። እዚያ ዝናብ ሲገባ በጎቹ ጭቃ ውስጥ ቆመው ሰኮናቸው ይበሰብሳል። ታጥበው መድኃኒት ከተደረገላቸው በኋላ ደረቅ ነገር ላይ መቆም አለባቸው አለች። የገበሬዎቹ ማኅበር መቆሚያ ይሠራ ብሏል። እስከ ጉልበት ከፍ ያለ፣ መወጣጫ ያለው፣ ኮርማም ቢወጣበት የሚችል።

«ግን ቀላል ይሁን ኦቦ ፈዲሉ። ከመንደር መንደር በሁለት ሰው ነው የምንሸከመው።»

«ችግር የለም ዶክተር።»

ቀላል፣ ደግሞ ጠንካራ... ሰው ሥራ ሲያዝ አያፍርም።

ሚያዝያ 16

ጨረስኩ። አንግል ብረት፣ ከላይ አራት ሚሊ ላሜራ። ልጅቷ በዚያ መንገድ መንከራተቷ አሳዘነኝ፤ ምርቃት ብዬ ከሥሩ ሦስት ብረት ጨመርኩላት። ዝሆን ይቆምበታል።

ሚያዝያ 18

ከሁለት ሰው ጋር መጣች። ሊያነሱ ሞከሩ። እምቢ አለ። ሦስተኛ እኔ ገባሁ፤ አራተኛ ከመንገድ ማዶ የሚበይደው ቶሌራ። ተነሳ። ወገቤም ቋ አለ።

ጃለኔ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ለበግ ነው ወይስ ለባቡር?» አለችኝ። ቶሌራ ሳቁን አልቻለም። ዝናቡ ሊገባ ወር ተኩል ቀርቶታል። «እንደገና እሠራለሁ፣ በራሴ ብረት» አልኩ። ምን ሆኜ ነው እንዲህ ያልኩት?

ሚያዝያ 19

ተኝቼ ዋልኩ። ሹኩሪያ ወገቤን እያሸች «ምርቃቱ ነው እንዴ ያመመህ?» አለች።

ሚያዝያ 25

ጃለኔ ስልኳ ላይ የአልሙኒየም መቆሚያ አሳየችኝ። የውጭ አገር ነው። አንዲት ሴትዮ በአንድ እጇ አንጠልጥላዋለች። በጉ ራሱ በሳሙና የታጠበ ይመስላል።

አልሙኒየም በይጄ አላውቅም። አላውቅም ግን አላልኳትም። ለሙከራ የሹኩሪያን አሮጌ ድስት ወሰድኩ። በኤሌክትሮዱ ነካ ሳደርገው... ጠብ! ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ። ያለ አርጎን ጋዝ አይሆንም፤ አርጎኑ ያለው አዲስ አበባ። ደግሞስ ጎጆ ላይ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል? ብረት ከሆነ የትም ያለ በያጅ ይደርስለታል። ስለዚህ አልሙኒየሙ ቀረ። ድስቱም ቀረ። ለካ አሮጌ አልነበረም።

ግንቦት 2

ቱቦላሬ የሚሉትን የብረት ቱቦ ገዛሁ። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ተኩል፣ ውስጡ ባዶ። በዚህ በር የሚሠሩትን ስንቴ ሰድቤያለሁ! በለመድኩት ወፍራም ኤሌክትሮድ ስነካው በሳሁት። ቀጭኑን ያዝኩ፣ አምፔሩን ዝቅ አደረግኩ። ሦስት መጋጠሚያ ሸጋ አድርጎ ያዘልኝ። አራተኛው ላይ ጎረቤት ያለው ወፍጮ ሥራ አቆመና የመብራቱ ኃይል ዘለለ። እንደገና ቀዳዳ።

ወፍራም ብረት ለካ ይቅር ባይ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ስንት ስህተቴን ሸፍኖልኝ ይሆን?

ግንቦት 5

ጠመመ። አንዱን ጎን በይጄ ጨርሼ ወደ ሌላው በመሄዴ ነው። ሦስት እግሩ መሬት፣ አንዱ አየር ላይ። ቶሌራ «ፎቶ ሊነሳ ነው?» አለ።

ግንቦት 11

ወፍጮው ሳይከፈት ማለዳ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ብቻ፤ አንዱን ጥግ ያዝ አደርግና ወደ ተቃራኒው ጥግ። ከዚያ አጭር አጭር ብየዳ፣ እያቀዘቀዝኩ። በየስንዝሩ አግዳሚ፣ መሃሉን የሚሸከም አንድ ረጅም። ስነቀንቀው አሁንም ይወዛወዛል። እግሮቹ መሃል በሰያፍ ቀጭን ቱቦ አስገባሁ። ንቅንቅ የለም! ይህን ሁሉ ዓመት በወፍራም ብረት የምገዛው ጥንካሬ ለካ በዚህ ይገኝ ነበር። ከላይ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ንጣፍ። ሽንት እንዲፈስ ብዬ ቀዳዳ በሳሁለት።

ሹኩሪያ ምሳ አምጥታ ነበር። ሳህኑን አስቀምጣ መቆሚያውን በአንድ ጎን አነሳችው። ብቻዋን። መልሳ አስቀመጠችው።

«እንዲህም ይሠራል እንዴ?»

«ይሠራል።»

«ድሮም ይሠራ ነበር?»

ምን ማለቷ ነው?

ግንቦት 14

አልቀበልም አሉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቀንዓ ራሳቸው መጡ። በቡጢ መቱት፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። አነሱት፤ ተነሳላቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ከባዱ ዞረው አዩ። እሱ አሁን ሱቄ ደጃፍ የሥራ ፈት መቀመጫ ሆኗል።

«ያንን አራት ሰው ነው አሉ የሚያነሳው። ይሄን እኔ ሽማግሌው አነሳሁት። የቀረው ብረት የታለ?»

«ቀላል ይሁን ብላችሁ...»

«ቀላል አልን እንጂ ጎደሎ አልን?»

ሰው ተሰበሰበ። ፈዲሉ ብረት በላ... እኔ! የሚገርመው፣ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ጃለኔ «በኮርማዎ ይሞከራ» አለቻቸው። «ጎጆ ያምጣው» ብለው ሄዱ።

ይቺ ስም ከሄደች ምን ይቀረኛል? ፈርቻለሁ።

ግንቦት 17

ጎጆ። ብርዱ አጥንት ይገባል። መቆሚያው ከመኪናው እስከ ሜዳው በሁለት ሰው ትከሻ ሄደ፤ እኔ ወገቤን ይዤ ከኋላ። ኦቦ ቀንዓ ኮርማቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። ኮርማ ነው ወይስ አይሱዙ?

«አካም ጅርታ ኦቦ ፈዲሉ። ሥራህን ታምነዋለህ?»

«አምነዋለሁ።»

«ዱጋዳ? እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«እንግዲያው ሥሩ ግባ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ጃለኔ «ኧረ ይተዉ!» አለች። ገባሁ። ለምን ገባሁ? ብመለስ ወሬው አምቦ ቀድሞኝ ይደርሳል። በጀርባዬ ተኝቼ ብየዳዬን ከሥር አየሁት። በስተግራ ጥግ በስቼ የደፈንኳት አንዲት ቦታ አለች። እሷ ላይ እንዳፈጠጥኩ ሸሃዳ አልኩ። ኮርማው ወጣ። አንድ እግር... ሁለት... አራቱም። አግዳሚዎቹ ጎንበስ አሉ፣ ቆሙ። የደፈንኳት ጥግም ቻለች። አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ስከፍት ኮርማው ሸና።

የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ በደንብ ይሠራሉ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ብርድ ወንዝ ወርጄ ታጠብኩ፣ ዙህርን አዘግይቼ ሰገድኩ። ስመለስ ኦቦ ቀንዓ ጋቢያቸውን አለበሱኝ። «ተረክበናል» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ምርቃትስ?»

ሰኔ 12

ዝናቡ ገብቷል። ጃለኔ ደወለች። መቆሚያው ሦስተኛ መንደር ደርሷል፤ ዘንድሮ የሚያነክስ በግ ጥቂት ነው። እጃጂ ከተማ ያለ ማኅበርም አንድ ይፈልጋል። ቶሌራ መጥቶ በስንት አምፔር እንደበየድኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ስለ ወፍጮው ግን አልነገርኩትም።

ሰኔ 20

ዛሬ የራሳችንን በር ነቀልኩ። ለማውረድ አምስት ሰው ፈጀ። በምትኩ ቱቦላሬ፣ በሰያፍ የታሰረ፣ ከላይ ስስ ላሜራ። ለሹኩሪያ አልነገርኳትም።

ከገበያ ስትመለስ ሁለቱም እጇ ዕቃ ይዟል። እንደ ልማዷ ትከሻዋን አስጠግታ በኃይል ገፋች። በሩ ቀድሟት ተከፈተ፤ ግቢ ውስጥ ልትደፋ ምንም አልቀራት። ሽንኩርቱ ተበተነ። እየለቀምኩላት ስድቧን ጠበቅሁ።

«ሌባም እንዲሁ ዘው ይላል» አለች። ከዚያ ዘጋችው። በአንድ ጣቷ ከፈተችው። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። ግራ ትከሻዋን በቀኝ እጇ እያሸች ቆመች።

ሃያ ሁለት ዓመት... ያ ግው የሚለው ድምፅ የበሩ ይመስለኝ ነበር። ለካ የትከሻዋ ነው።