ሰው ለምን ሳቀ ላልከኝ

ውድ ወንዳወቅ፣

ውድ ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። «ሰቆጣ ላይ ስዘፍን ሰው ለምን ሳቀ?» ብለህ ሦስት ጊዜ ደወልክልኝ። በስልክ ብነግርህ መሀል ላይ ትዘጋብኝ ነበር።

አራት ዓመት እዚህ አስተማርክ። ቤታችን ተከራይተህ፣ ከእናቴ ከእታለም እጅ በልተህ፣ አመሻሹ ላይ ክራርህን ይዘህ በረንዳ ስትወጣ፣ በቋንቋችን በኽምጣና የምሠራቸውን ዜማዎች የማስጠናህ እኔ ነበርኩ። ዜማውን አንድም አላስቀረህም። ቋንቋውን ግን «ይከብዳል» ብለህ ተውከው። ያኔ ስቄልህ ነበር።

ለዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌ ልትልክ ተቀጠረ። ዓርብ ከአዲስ አበባ የስቱዲዮ ሰው ደወለልህ፤ ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድክ። ለጓደኛህ ለደሴ «ወይ እሷ ወይ ሙዚቃው ሆነብኝ» ብለኸዋል አሉ። ማን አስመረጠህ? ብትነግረኝ ሻንጣህን ይዤ መናኸሪያ እሸኝህ ነበር። አባቴ ኪዳኑ እሁድ አዲስ ጋቢውን ለብሶ፣ ጎረቤቶቹን አስቀምጦ፣ በሩን ሲያይ ዋለ። ፀሐይ ስትጠልቅ «በይ እቴ፣ ጠላውን ለእነዚህ ቅጅላቸው። ሰዎቹ አይመጡም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከሰው ጋር ሰንበቴ መቀመጥ ተወ። እኔን መጣልህን እችለው ነበር። እሱን ማዋረድህን ግን ይቅር አላልኩህም፤ አልልህምም።

ሁለት ዓመት ድምፅህን አጥፍተህ ሐምሌ ላይ ደወልክ። «ጥሩዬ፣ ለሻደይ በዓል እናንተ ከተማ መድረክ አለኝ። አራት መስመር በኽምጣና ሥሪልኝ፤ እንዳንቺ የሚችል የለም።» አባትሽ እንዴት ነው እንኳ አላልክም። «ግጥሙ ስለ ምንድን ነው?» ስትለኝ «ስለ ፍቅር» አልኩህ። አልዋሸሁህም። አንድ ሳምንት ሙሉ በስልክ እያስደገምኩ አስጠናሁህ።

ትርጉሙ ይኸውልህ፦

ለእሁድ ሽማግሌ ቀጥሬ ቅዳሜ የሸሸሁት እኔ ነኝ፤
ኪዳኑን ቀኑን ሙሉ በር በር ያሳየሁት እኔ ነኝ፤
የምዘፍነው ዜማ የልጁ ነው፤
ቤታችሁ ብመጣ እህል አታቅምሱኝ፣ በልቼ እሄዳለሁ።

መድረኩ ላይ መጀመሪያውን ስትል፣ በቋንቋችን ስለዘፈንክ እልል ተባለ። ሁለተኛው ላይ እርስ በርስ ተያዩ። አራተኛው ላይ ሜዳው በሳቅ ሲፈነዳ፣ የወደዱህ መስሎህ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዙረህ «አብራችሁኝ!» አልክ። አብረውህ ዘፈኑት። ጎረቤታችን አስቻለች «አንቺ፣ ይህ ልጅ ራሱን ነው እንዴ የሚከሰው?» ብላ ጎኔን ነካችኝ። አባቴ አልሳቀም። ተነሥቶ ቤቱ ገባ፤ በቀጣዩ እሁድ ግን ሰንበቴው ላይ ተቀመጠ።

አንድ ነገር ልመንልህ፤ አሳምረህ ዘፈንከው። እንባዬ መጣ፤ በዚህም አናደድከኝ።

አሁን ዘፈኑ በየሰዉ ስልክ ላይ ነው፤ የአልበምህ መክፈቻ ልታደርገው እንደሆነም ሰማሁ። ካወጣኸው ዕድሜህን ሙሉ በየመድረኩ ትናዘዛለህ። ከተውከው ደግሞ ስም ያወጣልህ እሱ ብቻ ነውና ሌላ ፈልግ። መምረጥ መቼም ታውቅበታለህ።

«ለአልበሙ ሁለተኛውን ግጥም ጨርሺልኝ» ያልከኝንም ጨርሼዋለሁ፤ አልልክልህም። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤት ወረዳ ጋዝጊብላ ሰርግ ተጠርቼ ራሴ ዘፈንኩት። አንተ የለህበትም።

ግጥምና ዜማ፦
ጥሩሐረግ ኪዳኑ
ሰቆጣ