አሮጊቷ ሙሽራ ቁልቁለቱን ስትወርድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እትዬ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትንሿ ሳል ለቀቃት? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት እሺ አለሽ? እኔ አካሌ ደህና ነው፣ ተመስገን። ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽና ጽሑፌ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ባለቤቴ ከሥራ ታግዶ ከመጣ ጀምሮ ቃል አይተነፍስም፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ምን አጥፍቶ ነው? አብረኸው ነበርክ፣ እውነቱን ንገረኝ» ብለሻል። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። ፈርቼ ነው እትዬ። አሁንም ፈርቻለሁ።

ዓመቱን ሙሉ እኔና ባለቤትሽ ጋሼ ስንደክምባት የከረምናት አንዲት ሎኮሞቲቭ አለች። ሠላሳ ዓመት ጭነት ስትጎትት ኖራ፣ ሞተሯ ተቃጥሎ፣ ሣር በቅሎባት የተጣለች ነበረች። እስከ አጥንቷ ገፈን አዲስ ሞተር ገጠምንላት፤ ቢጫ ቀለም ቀባናት። የዎርክሾፑ ሰው «አሮጊቷ ሙሽራ» እያለ ይስቅባታል። ከእንግዲህ ሥራዋ የሐዲድ መሞረጃውን ማሽን እየገፉ መሄድ ነው። ባቡር ሲመላለስበት የኖረ ሐዲድ ላዩ ይጎረብጣል፤ ማሽኑ ከሆዱ ሥር በሚሽከረከሩ የሞረድ ድንጋዮች እየፋቀ ያለሰልሰዋል። ሲሠራ ግራና ቀኙ የእሳት ፍንጣሪ ብቻ ነው።

የሁለቱም ፍሬን በአየር ነው የሚሠራው። አየሩ ከሎኮሞቲቯ ወደ ማሽኑ በጎማ ቱቦ ይሻገራል፤ መገናኛው ላይ እጀታ ያላት መዝጊያ አለች። እሷ ከተዘጋች ነጂው ፍሬን ቢይዝ ማሽኑ አይሰማም። ያቺን መዝጊያ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው።

ሐዲድ ላይ መጀመሪያ በምንሞክራት ቀን ጠዋት ቱቦው አየር ሲያስተነፍስ አገኘሁት። መዝጊያዋን ዘግቼ ቱቦውን ቀየርኩ። ጨርሼ እጄን ስጠርግ የዎርክሾፑ ኃላፊ ለፎቶ ተሰብሰቡ ብሎ ተጣራ። እኔም ከሙሽራዋ ጋር መነሳት አማረኝና ሮጥኩ። ስመለስ ጋሼ ከነጂው ክፍል አንገቱን አውጥቶ ፍሬኑ ተፈትሿል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተፈትሿል አልኩት። እሱም አመነኝ፤ እዚህ ሥራ ያስገባኝ እሱ አይደል?

ሦስት ነበርን። ጋሼ ከኋላ ሎኮሞቲቯን ይነዳል። ከፊት ማሽኑ ውስጥ ድንጋዮቹን የምታዝዘው ኦፕሬተር፣ እኛ እሳቷ የምንላት፣ አለች። እኔ በሁለቱ መካከል ማሽኑ መወጣጫ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ጎን ቆሜያለሁ። ቁልቁለቱን እንደጀመርን ፍጥነቱ ጨመረ። መጀመሪያ ጋሼ ፍሬኑን የተወው መሰለኝ። ቀጥሎ የሎኮሞቲቯ ጎማዎች ሲያፏጩ ሰማሁ፤ ለካ ይዟል፣ ግን ብቻዋን ያን ሁሉ ክብደት ልትገታው አልቻለችም። በሬዲዮ የእጅ ፍሬኑን እንዳዞር ነገረኝ። ደግሞ ነገረኝ። እኔ ብረቱን አቅፌ ቀረሁ እትዬ። ጣቶቼ አልላቀቅ አሉ። ሽንቴን ለቀቅኩት፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ታች መንገድ የሚቋረጥበት ቦታ አለ። አንድ አውቶቡስ ሐዲዱን እያቋረጠ ነበር፤ ከኋላው ዘንቢል ያንጠለጠሉ ሴቶች ይታዩኛል። ጋሼ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ በሬዲዮ እሳቷን «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ድንጋዮቹን ሁሉ በአንዴ አውርጃቸው፣ ተጫኛቸው» አላት። አወረደቻቸው። የእሳት ጎርፍ ነበር፤ ፀጉሬ ተለበለበ። ድንጋዮቹ እየተሰባበሩ ሐዲዱን እያኘኩ፣ ከመንገዱ አርባ እርምጃ ሲቀረን ቆምን። ተሻግሮ ከቆመው አውቶቡስ የወረዱት ሰዎች ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡልን።

መጀመሪያ የወረድኩት እኔ ነኝ። መዝጊያዋ እንደተዘጋች ነበረች። ያ በቁልቁለቱ ሁሉ አልታዘዝ ያለኝ እጅ፣ በአንድ ቅጽበት ተዘርግቶ ከፈታት። ቀና ስል ጋሼ በነጂው መስኮት አንገቱን አውጥቶ እጄን ያይ ነበር።

መርማሪዎቹ መጥተው ሁሉን ፈተሹ፤ ምንም ጉድለት አላገኙም። እንግዲህ ነጂው አፍጥኖ ነው፣ ዘግይቶ ነው የያዘው አሉ። የመርማሪዎቹ ሰብሳቢ፣ ከቆማችሁ በኋላ መገናኛውን የነካ ሰው አይተሃል ወይ ብላ ጋሼን ጠየቀችው። ጋሼ ውሃ ለመነ። ጠጥቶ ጨረሰና ማንንም አላየሁም አለ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ጫማዬን አያለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ያልተወቀሰ ሰው፣ መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ዝም ብዬ ልኖር ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ደብዳቤሽ ጥግ ላይ፣ ከሳምንት ዝምታ በኋላ «ወንድምሽ ምግብ ይበላል?» ብሎ እንደጠየቀሽ ጽፈሻል። እዚያ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለሰብሳቢዋ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ውጭ ጠብቅ አለችኝ። አሁን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ። በሩ ተዘግቷል፤ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ለፖሊስ ይሰጡኝ ይሆናል። ወንበር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብድግ ብዬ መልሼ እቀመጣለሁ። እሳቷ በዚህ ስታልፍ አየችኝ፤ ትንሽ አጠገቤ ተቀምጣ ሄደች። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት እንዲያደርስልኝ ጥበቃውን ለምኜዋለሁ።

እትዬ፣ አንቺ ያሳደግሽኝ እንዲህ እንድሆን አልነበረም። ልትቆጪኝ ብትፈልጊ ተቆጪኝ፤ ብቻ ጻፊልኝ። ለጋሼ ግን ይህን ደብዳቤ ማንበብ አያስፈልግሽም። ስለዚያ ቀን አዲስ ነገር አያገኝበትም። «ወንድሜ እየበላ ነው» በይልኝ።

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅልኝ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ የጋሼንም አንደበት ይፍታልሽ።

አንቺው ያሳደግሽኝ ታናሽ ወንድምሽ