በአጥሩ ሾልኮ ስላለፈው ገመድ

እኔ ኦቹዶ አጁሉ፣ በጋምቤላ ከተማ የባሮ ዳርቻ ነዋሪ፣ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ቃሌን አስጽፌአለሁ። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል ብሎኛል፤ አፌ ግን፣ ተመስገን፣ አልደከመም።

አንደኛ፤ ቤቴንና ግቢዬን ከነማንጎዎቹ ለልጄ ለአኬሎ ሰጥቻለሁ። ስታመም አልተለየችኝም፤ ጨው የከለከለችኝንም ይቅር ብያታለሁ።

ሁለተኛ፤ ጀልባዬ ለእህቴ ልጅ ለኦቻንግ ይሁን። አንተ ልጅ፣ በባሮ ዳር ተወልደህ መዋኘት አለመቻልህ ያሳፍራል፤ መጀመሪያ ዋና ተማር።

ሦስተኛ፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካውን አሮጌ ኮምፒውተሬንም አኬሎ ትውረስ። የተጻፈበትን የሚያስቀምጠው በቴፕ ካሴት ነው። መንትያው ኮምፒውተር በጎረቤቴ በፑዎክ ቤት ነው። ከአንድ የእርዳታ ሳጥን ስናገኛቸው ሰው ሁሉ ሳቀብን፤ እኛ ግን በሣር አጥሩ ገመድ አሾልከን አገናኘናቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር እኔ የባሮን ከፍታ ለክቼ እልክ ነበር፤ እሱ የዝናቡን መጠን ይልክልኝ ነበር። ከዚያ በአጥሩ ላይ «ደረሰ?» «ደረሰ!» እንባባል ነበር። አኬሎ «ከተጯጯሃችሁ ገመዱ ለምን አስፈለገ?» ትለን ነበር። እስቲ አሁን ይህ ጥያቄ ነው?

ከፑዎክ ጋር የተኳረፍነው በእኔ ጥፋት ነው። ፑዎክ የሟች እናቱን የእማማ ኛላምን መዝሙር እንዳባዛለት ካሴት ሰጥቶኝ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ስጣደፍ፣ እጄ የገባውን ካሴት ከትቼ የዝናቡን ቁጥር ቀዳሁበት። መልሼለት ፑዎክ ሲከፍተው የኮምፒውተር ጩኸት ብቻ ሆነበት። ካሴቱን በአጥሩ ላይ ወረወረልኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ አጣን። በጣም ናፍቆኛል።

ባለፈው ሳምንት አኬሎ ቤት ስታጸዳ ካሴቱን ገልብጣ በሌላው ገጹ አጫወተችው። እማማ ኛላም ሦስት መዝሙር ሙሉ ይዘምራሉ! ሁለት ሽማግሌዎች ተኳርፈን ካሴት መገልበጥ አቃተን።

አራተኛ፤ ጸሐፊው አቶ ወንዳፈረው «ምስክር አይወርስም» ብለውኛል። ስለዚህ ካሴቱን ለፑዎክ አላወረስኩትም፤ የራሱን ነው የመለስኩለት። ፑዎክ ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ለምስክርነት ያስጠራሁህም በሌላ ምክንያት እንደማትመጣልኝ ስላወቅሁ ነው። አኬሎ፣ አጥሩ ሲታደስ ገመዱን ማንም እንዳይቆርጠው።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ የእኔው መሆኑን አውቄ ፈርሜአለሁ።
ኦቹዶ አጁሉ (ፊርማ)

ሲናገር የሰማን፣ ሲፈርም ያየን ምስክሮች፦
ፓስተር ጋትሉዋክ (ፊርማ)
አቶ ወንዳፈረው፣ ጸሐፊ (ፊርማ)
ሲስተር ኛኩዎል፤ በጨው ጉዳይ ከአኬሎ ጋር ነኝ (ፊርማ)
ፑዎክ፤ ኦቹዶ፣ ገመዱን በእኔ በኩል አንድም ቀን ነቅዬው አላውቅም (ፊርማ)