ጎመንህ ጠውልጓል

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ። ባለህበት ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትህ ጉልበትና የኩሽናው ቧንቧ ብቻ ናቸው እንደ ልማዳቸው የሚያስቸግሩን።

ትተህልኝ የሄድካቸውን ጌሞች ዓመቱን ሙሉ ተጫወትኩ። የመኪናው ራሴን ያዞረኛል። የጦርነቱን፣ እህትህ «እማዬ፣ ሞትሽ!» ስትለኝ ዘጋሁት፤ ምን ዓይነት አነጋገር ነው! የወደድኩት የእርሻውን ነው፤ ማንም አይሞትበትም፣ አንተም ካለህበት አገር ሆነህ ትገባበታለህ፣ ማሳህም ከማሳዬ ጎን ነው። ጠዋት ጎመንህ ውሃ ጠጥቶ ሳየው፣ ልጄ ደህና አድሯል እላለሁ።

ሰሞኑን ግን ጠውልጓል። እህትህ ሥራ በዝቶበት ነው ትላለች። እኔ ግን ሽንኩርት ጥጄ እሮጣለሁ፣ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ሽንኩርቱም አረረ። ላጠጣልህ ብዬ ተውኩት፤ እኔ ካጠጣሁት መግባትህን በምን አውቃለሁ?

ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደም። ለመጻፍ ጊዜ ባይኖርህ አልቀየምም፤ ብቻ ግባና ጎመንህን አጠጣልኝ።

እናትህ