ለንፍሮ የነደደው ቡናሽ

አስካልዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርልሽ አልችልም፤ ተቆጥቻለሁ። ቁጣዬ ድምፅ እንደሌለው ታውቂያለሽ። ክፍል ውስጥ ልጆች ሲረብሹ ጠመኔውን አስቀምጬ ዝም እንደምለው ነው። ካንቺ ወዲህ ጠመኔውን አላነሳሁም።

ቤቱ ያው ነው። ልጃችን ከቴፒ በየወሩ ትመጣለች፤ መጋረጃውን አጥባ፣ እኔን ትንሽ ተቆጥታ ትመለሳለች። የተለወጠው ጓሮው ነው፤ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

በሄድሽበት ዓመት ጥር፣ ለቀማው እንዳለቀ ያረጀውን ቡና ጎነደልነው። እኔ በመጋዝ ከጉልበት ዝቅ አድርጌ፣ ውሃ እንዳይተኛበት በሰያፍ ስቆርጥ፣ አንቺ ቅርንጫፉን ትጎትቺ ነበር። ሲያልቅ እጅሽን አራግፈሽ፣ "ሁለት ዓመት መታገስ ነው፤ ከዚያ እንደ ወጣት ያፈራል" አልሽኝ። እንዴት ቀላል አድርገሽ አልሽው! ዝናቡ ሳይጥል፣ ጉቶው አንድ ቡቃያ ሳያወጣ ሄድሽ። መታገሱን ለእኔ ተውሽው። በዚህም ተቆጥቻለሁ።

የቀብርሽ ዕለት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፤ ሴቶቹ ለንፍሮ ጎላ ጣዱ። ማገዶ አነሰ። ጎረቤታችን ማቴዎስ ምሳሩን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ። ደረቅ ጉቶ አየ፤ በአዲስ ችግኝ ልንተካው የቆረጥነው መሰለው። ሐዘንተኛ አላስቸግርም ብሎ ሳይጠይቀኝ ከነሥሩ እየመነገለ ፈለጠው። ድንኳኑ ውስጥ ሆኜ የምሳሩን ድምፅ እሰማ ነበር፤ አልጠረጠርኩም። ለቀስተኛው የበላው ንፍሮ በአንቺ ቡና ነው የበሰለው። ከእንሰቱ በታች ያሉት ጉቶዎች ብቻ ከዓይኑ ተሰውረው ተረፉ።

ማታ ማቴዎስ አጠገቤ ተቀምጦ፣ "መምህር፣ ይታገሱ እንጂ፤ እርስዎ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?" አለኝ። እጅጌው ላይ ፍልጥ ተጣብቆበት ነበር። የምን ፍልጥ እንደሆነ የገባኝ ከሰልስትሽ በኋላ ጓሮ ወጥቼ ጉድጓዶቹን ሳይ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ቤተ ክርስቲያን ግን አባታችን ሆይ ሲደገም፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ ስንደርስ አፌን እዘጋለሁ። ያላደረግኩትን አደረግኩ ማለት አይሆንልኝም፤ ተማሪዎቼንም እንደዚያ አላስተማርኩም። እድሩ ታገስ ይለኛል፣ ቄሱ ታገስ ይሉኛል፤ ቁጣዬ እነሱን ስለሚከብዳቸው እንጂ ለእኔ አስበው አይመስለኝም። እኔ ግን ከነቁጣዬ ጾሜአለሁ፣ ከነቁጣዬ ቅዳሴ ቆሜአለሁ። ማለዳ ማለዳ እግዚአብሔርን ለምን ብዬ እጠይቀዋለሁ። መልስ አላገኘሁም፤ ከደጁም አልሄድኩም። የእኔ ትዕግሥት ይኸው ነው፤ ሌላ አላውቅም።

የተረፉት ጉቶዎች ዝናቡ ሲጥል አቆጠቆጡ። በየጉቶው ጠንካሮቹን ሁለት ሁለት አስቀርቼ ሌላውን ቀነጠስኩ። ዛሬ ከእኔ ቁመት በልጠዋል።

ባለፈው ሳምንት ማቴዎስ የጠፋች ፍየሉን ሲፈልግ ከእንሰቱ በታች ወረደ። ጉቶው ላይ የቆመውን ቡና ሲያይ ፍየሏን ረሳት።

"መምህር፣ ያን ጊዜ እኔ የፈለጥኩት..."

"አዎ" አልኩት።

"ወይኔ! የእትዬ አስካለን ቡና ነው ያነደድኩት? ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም እያሉኝ? ምነው ቢሰድቡኝ!"

በማግስቱ ማለዳ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ይቅርታ ሊለምነኝ ነው ብዬ የማባርርበትን ቃል አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "የእኔም ቡና አርጅቷል። እንዴት እንደሚጎነደል ያሳዩኝ" አለኝ። ያዘጋጀሁት ቃል ለዚህ የሚሆን አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሩኝ ያለኝን ሰው መልሼ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ በማቴዎስ ልጀምር?

መጋዛችንን አነሳሁ። "ምሳርህን ግን ቤት ተወው" አልኩት። ሊስቅ ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ አልሳቅኩም። የመጀመሪያውን ግንድ ቆርጬ አሳየሁት፤ ሁለተኛውን እሱ ቆረጠ። ሰያፉ ልክ ስላልነበረ ደግመህ አስተካክል አልኩት፤ አስተካከለ።

ትናንት እሑድ አባታችን ሆይ ሲደገም እዚያው ቦታ ስንደርስ አፌን ከፈትኩ። ግማሹን አልኩና ቀሪውን ተውኩት። ለግማሽ መልስ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፤ አንቺም እንዳትሰጪኝ።

ዝናብ ጠብ ሲል የተረፈው ቡናሽ ያብባል። ያን ዕለት መቃብርሽ ድረስ መጥቼ እነግርሻለሁ፤ ቁጣዬም አብሮኝ ይመጣ ይሆናል። አልረሳሽም፣ አስካልዬ። የቀረኝን ግማሽ እስክጨርስ፣ ከጨረስኩም በኋላ።

ያንቺው መምህር