ስለትህን ተረክቤልሃለሁ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአለበል ይታያል፣ ሐዋሳ።

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ያምህ የነበረው ተሻለህ? ባለቤትህ ሂዊ፣ ትንሹ ልጅህ ዘመነ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ገብሱ ውርጭ ካልመታው ደህና ነው፤ ድንቹም ይዟል። ኔትወርክ ከጠፋ ስለሰነበተ ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን መሳፍንት ይዞልህ ይመጣል።

ባለፈው በስልክ ስንገናኝ ምን ልትሆን አሰብክ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እኔም የከብት ሕክምናው፣ የስልክና የሬዲዮ ጥገናው፣ ሥዕሉ፣ ልጆችን ሒሳብ ማስተማሩ ሁሉም እንደሚያምረኝ ነገርኩህ። ሳቅህና አትቸኩል፣ ሁሉንም ሞክርና ልብህ የወደደውን ያዝ አልከኝ። እዚያ ሆኖ ለሚናገረው ደግ ምክር ነው።

በልጅነትህ ኩፍኝ ሲይዝህ እናታችን «ከተረፈልኝ ጊዮርጊስን ያገልግል» ብላ መሳሏን ታውቃለህ። አንተ የመኪና መሪ ካልጨበጥኩ ብለህ ከቅኔ ቤት ስትጠፋ ስለቱ ሳይገባ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መኪና ተገለበጠ በተባለ ቁጥር ጊዮርጊስ የሰጠውን ሊወስድ ነው ትላለች። የንስሐ አባታችን ቄስ ዘማርያም፣ ራሱ መጥቶ ታቦቱ ፊት ይቁምና ከስለቱ እፈታዋለሁ ብለዋት ነበር። ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ና ብለን ሰው ላክንብህ፤ ሥራ በዛብኝ አልክ። ለሚስትህ እህት ሠርግ ግን መኪናህን ሳምንት ሙሉ ማቆምህን ሰምተናል።

አንተ ስትቀር እናታችን ወደ እኔ ዞረች። ማርቆስ ያለው ኮሌጅ ለከብት ሕክምና ተቀብሎኝ፣ ልብሴን አጥቤ መሄጃዬን ስጠብቅ ጠራችኝ። «አንድ የምትወደው ነገር ቢኖርህ አልነካህም ነበር» አለችኝ። «ወንድምህ መኪና ብሎ አሻፈረኝ አለ፣ ምን ላድርገው። አንተ ግን ዛሬ ከብት፣ ነገ ሬዲዮ ትላለህ። ያልያዝከውን ብትተው ምን ይጎድልብሃል?» አባታችንም ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ብለው ነገሩን ዘጉት።

ብዙ መውደዴ ምንም እንዳለመውደድ ተቆጠረብኝ። የመሳፍንት ላም ጥጃው ተጣሞ ሲያስጨንቃት፣ እጄን አስገብቼ ያቃናሁለት ቀን የተሰማኝን ደስታ ለማን ልንገር? ስልክ ፈትቼ ስገጥምም፣ ስሥልም ያው ደስታ ነው የሚመጣው። የትኛው ይበልጣል ብባል አላውቅም፤ አንዱም ግን ውሸት አልነበረም። አንተን ግትርነትህ አዳነህ።

ቄስ ዘማርያም ስለቱ የአለበል ነው፣ በሌላ ልጅ አይለወጥም ብለው አሁንም ይከራከራሉ። እናታችን ግን እህል አልቀምስም አለች። ስትከሳ እያየሁ ምን ልበል? እሺ አልኳት። ኮሌጁም ቀኑ አልፎብኝ ቦታዬን ለሌላ ሰጠው። ነገ ይጁቤ ወዳለው ቅኔ ቤት እሄዳለሁ። አባታችን ደበሎ አሰፍተውልኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር በየደጁ ቁራሽ ልለምን ነው። ቅኔን አልጠላውም። ራሴ መርጬ ብሄድበት ከሚያምሩኝ አንዱ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ያለ ሐሳብ ንዳ። እናታችን ትናንት እህል ቀመሰች፣ እንቅልፍም ወሰዳት። አንተ መጥተህ ብትቆም የአንድ ቀን ነገር ነበር። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ሲበርድልኝ እጽፍልሃለሁ ብዬ ብጠብቅም አልበረደልኝም።

እናታችን ወለተ ሰንበት ጉንጭህን ስማለች። አባታችን እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናው ይላሉ። እህታችን የኔአለም ሰላም ብላሃለች፤ የጥገና ዕቃዬን ለእሷ ትቼላታለሁ። ሂዊን ሰላም በልልኝ። ትንሹን ዘመነን ሳምልኝ፤ ሲያድግ እንደ አጎቱ ሁሉ ነገር የሚያምረው ከሆነ፣ ለአያቱ አንዱን ብቻ ነው የምወደው እንዲላት ከወዲሁ አስተምረው።

ወንድምህ ምስጋናው ይታያል
ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.