ብርጭቆ ውስጥ ያደረው ድንጋይ

ለልጄ፣ ለዓይኔ፤ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ብረት ነኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ እጄ ሠላሳ ዓመት መሰርሰሪያ የጨበጠ ስለሆነ ነው፤ ለሰው አላስጽፍም።

እዚህ ደህና ነን። ወንድምሽ ወደ አልማዝ ጉድጓዱ ወለል፣ ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር ተዛውሯል። አልማዙን ያዘለው፣ አንቺ ኪምበርላይት የምትዪው ድንጋይ አመጣጡ በጠብ ነው፤ ከምድር ሆድ እያገሳ፣ ያገኘውን አለት እየሰባበረ ፈንድቶ ወጣ። እንዲያ ያለውን ጉልበተኛ ግን ውሃ ቀስ ብሎ ይበላዋል፤ ሰማያዊው ቢጫ ይሆናል፣ እንደ ሳሙና ይለዝባል።

እኛ የድሮዎቹ ግድግዳ የምንፈትነው ቁራጩን ውሃ ውስጥ አሳድረን ነው። የምሥራቁን በእናትሽ ብርጭቆ ባሳድረው ጭቃ ሆኖ ጠበቀኝ። ግድግዳው ሊናድ ነው ብዬ ለጉድጓዱ አለቃ ወሰድኩለት።

«አባባ፣ ሾርባ ነው እንዴ ያመጡልን?» ብሎ ሳቀ።

በጥፊ አጮልኩት። ብርጭቆውም ተሰበረ፣ ጥርሱም ወለቀ። አሁን ዘበኞቹ ከበር አያሳልፉኝም፤ እኔም ደጅ አልጠናም።

ትናንት ጉድጓድ እንዳይወርድ የወንድምሽን ቦት ጫማ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። «ጃጅተሃል!» ብሎ ሳጥኑን በመጥረቢያ ፈልጦ ወሰደ፤ ልይዘው ብል ገፍትሮ ጣለኝ። አልተቀየምኩትም፤ ክንዱ የኔ ነው።

ዝናቡ ሳምንት ሆነው፣ አላባራም።

ውሸት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ ግን ለወንድምሽ ደውዪና «ታምሜአለሁ፣ ዛሬውኑ ድረስልኝ» በዪው። አልቅሺበት። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

ጣራሽ አያፍስስ፣ ግድግዳሽ ይጽና።

አባትሽ